የሁለት ሰው እሁድ

ቀረሽ አሉኝ፣ ዘምዘም፤ እንግዳ መጣ አሉ፣
ከሪያድ በመኪና፣ ሰባት ከነአመሉ።
ወር ሙሉ ያቀድነው ስድስት ሰዓት ዕረፍት
ላንቺ ተቀየረ በድስት፣ በሽንኩርት።

ይሁን። እኔ ወጣሁ። ጆሮሽ ይሁን እግርሽ፤
ድምፄን በስልክ ልኬ ከተማውን ላሳይሽ።
ካለቀስሽ ግድ የለም፣ «ሽንኩርቱ ነው» በያት፤
ከሳቅሽ ነው ጭንቁ፤ ሳቅ ምን ሰበብ አላት?

አየሩን ልንገርሽ። ፀሐይ ደክሟታል፣ አብርዳለች፤
ያቺ በነሐሴ ጫማ ያቀለጠች፣
ጥር ላይ ጥርሷ ወልቆ ጡረታ ወጥታለች።
ሰዉ ግን ተጀቡኗል፤ የአውቶቡሱ ሾፌር
በሹራብ ላይ ጃኬት፣ በጃኬት ላይ ሻል አስሯል ነገር፤
ወገልጤና ቢያድር ምን ሊለብስ ነበር?

(ሹራብሽን ለብሻለሁ፣ አረንጓዴውን፣ ይቅር በይኝ፤
ከሰገነቱ ገመድ ሳልጠይቅሽ አነሳሁት፤ በረደኝ።)

ገንዘብ መላኪያው ደጅ ሰልፉን አይቼ ዞርኩ።
ዛሬ ወንድም የለኝም፣ እህት የለኝም፣
ቆርቆሮ የሚያፈስ ቤት የለኝም፣
እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት።

ዴራ፣ ዓሣ ተራ። ልገዛ አይደለም፤
ማየት በነፃ ነው፣ ማሽተትም አያስከፍልም።
አንዱ ሻጭ ሻርክ በአገጩ አንጠልጥሎ
«ላንቺ በግማሽ» አለኝ፣ «እህቴ ነሽ» ብሎ።
ግማሽ ሻርክ ታቅፌ ሜትሮ ልሳፈር?
ማዳምሽ ብታየው ምን ትቀቅይው ነበር?

ወርቅ ተራም ገባሁ። መስታወቱ ላይ
ፊቴን ከሐብሎቹ መሐል ደርቤ ሳይ፣
ትንሽ ጎንበስ ብዬ መልኬን ሳስተካክል
አንገቴ ላይ ገባ አንድ ኪሎ ሐብል።
ዋጋ ሳልጠይቅ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ጥያቄ
ትቼው ሄድኩ በሳቅ፣ እስክጠግብ ደምቄ።

ከመስጊዱ ጀርባ፣ ባዶው መኪና ማቆሚያ ላይ
ክሪኬት ይጫወታሉ። ግባቸው የብርቱካን ሣጥን ነው።
ኳሷ ተንከባላ እግሬ ሥር ቆመች።
ላልፋት ነበር።
አንስቼ ወረወርኩ፣ ሩቅ፣ ሣጥኑን መታሁት።
እንዴት እንደጮኹ!
ጢሙን ሂና የቀባ ሽማግሌ
እንደ ወታደር እጁን ግንባሩ ላይ አደረገልኝ።
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዘምዘም፣
ሰሐን አጥቤ፣ መስኮት ወልውዬ፣ ሕፃን አስተኝቼ
ያላየሁትን ጭብጨባ
ለአንዲት ኳስ አገኘሁ።

አሁን ዋናው። አብራው። ያቺ የእንጨት ጀልባ።
ለአንድ ሰው አንድ ድርሃም። ሁለት ሰጠሁት።
«አንድ ተርፏል» አለ ባለጀልባው።
«አልተረፈም፣ የሷ ነው» አልኩት፣
አጠገቤ ያለውን ባዶ ሳንቃ እየጠቆምኩ።
አየው። አየኝ።
ስንት ዓይነት ሰው አሻግሯል፤
ትከሻውን ነቅንቆ ኪሱ ከተተው።

ልንነሳ ስንል አንድ ወፍራም ሰውዬ
ሩዝ በጆንያ ታቅፎ እየሮጠ ዘለለና
እዚያው፣ አንቺ ላይ፣ ዘፍ አለ።
ምን ልበለው? ጀልባዋ ወደሱ አዘነበለች።
ባለጀልባው ሊያስከፍለው እጁን ዘረጋ፤
ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ፤ እጁን ሰበሰበ።
ሰውዬው እስከ ዛሬ አያውቅም
ወገልጤና ተወልዳ
ሽንኩርት የምትከትፍ አንዲት ሴት እንዳሻገረችው።

ነጫጮቹ ወፎች መጡ፣ የክረምት እንግዶች፣
እነሱ እንኳ ፈቃድ ሳይጠይቁ።
ሰውዬው ጆንያውን ፈትቶ እፍኝ በተነላቸው፤
ለኔም አንድ እፍኝ ሰጠኝ።
ግማሹን ወረወርኩ።
ግማሹ ኪስሽ ውስጥ ነው፣ በሹራብሽ።

ማምዘር አልሄድኩም። እሱን ላንቺ ተውኩት፤
የባሕር ዳር እሁድ ለብቻ አይበላም።

አሥር ተኩል ሆኗል። እየተመለስኩ ነው።
ሹራቡን ከነሩዙ ገመዱ ላይ ታገኚዋለሽ፤
ሳታራግፊ አትልበሺው።
ደግሞ መልሺልኝ፣ ዝም አትበዪ፦
የቱ ላይ ሳቅሽ?
ማዳምን ምን አልሻት?