ዛፉ ይቀርሻል

ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ሒሳብ አስማምቼ፣
የባንኩን ደንብ ልብስ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ፣
ባጃጅ ተሳፈርኩኝ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ፣
ከዓሣው ገበያ ግርግር ጥቂት ራቅ አልኩ።
ጀልባ ከሚጠገንበት፣ ከሾላው ጥላ ሥር፣
አቶ ሌዳሞ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው መሃል ሳንቃ፣ እጃቸው ላይ ምሳር።

«ስዬ መጥቻለሁ» አልኩ፤ ወረቀቴን ዘረጋሁ፣
በገቢ ደረሰኝ ጀርባ አባ ኮዳን አሳየሁ፤
ራሱ መላጣ፣ ክንፉ እንደ ካፖርት፣
አንገቱ ላይ ያ የማያፍርበት ከረጢት።
እሳቸው ወፉን አላዩም። ቢላዬን አነሱ፣
በአውራ ጣታቸው ጫፉን ዳሰሱ፤
«ምኑን ሳልሽ? ይኼ ቢላ ቅቤ እንኳ አይቆርጥልሽ፤
ወፉ የትም አይሄድ፤ በፊት ስለት ይኑርሽ።»

ያን ቀን እንጨት አልነካሁም። ድንጋይ ላይ ብረት፣
ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።
ክንዴ ዛለ።
ወገቤን ጉማሬ የረገጠው መሰለ።

በሁለተኛው ሳምንት ከበር ሥራ የተረፈ ዋንዛ ሰጡኝ፤
«ወፍ አይደለም፣ ጭልፋ ነው» ብለው አስጠነቀቁኝ።
«ስምሽ ማን ነበር?»
«ብርዛፍ» አልኳቸው።
ሳቁ፤ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ትከሻቸው።
«ብሩንስ አውቀሽዋል፣ ስትቆጥሪው ኖረሻል፤
እንግዲህ ብርዛፍ፣ ዛፉ ይቀርሻል።»

ዛፉ ጅማት አለው፣ የራሱ የሆነ መንገድ፤
አብረውት ሲወርዱ ተጠቅልሎ ይነሳል፣ ይሰጣል በፈቃድ፤
ዞረው ቢመጡበት ግን ይቦጨቃል፣ ይሰነጠቃል፣
አንጓው ጋ ሲደርሱማ ቢላው ተንሸራቶ ጣት ይጠይቃል።

ከፈልኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ግራ አውራ ጣቴን።
አቶ ሌዳሞ ሳይደነግጡ ፕላስተር ከኪሳቸው አወጡ፣
ለካስ ለጀማሪ ሁሌም ይዘው ነው የሚመጡ፣
«እጅሽ ከቢላው ፊት ምን ሊሠራ ሄደ?» ብለው ተቆጡ።

እጀታው ወፈረብኝ፤ ስቀንሰው ጠመመ።
ጎድጓዳውን በመሮ እየፈለፈልኩ፣
ትንሽ ቀረ፣ ትንሽ ቀረ እያልኩ፣
ፍቅፋቂው ቀሚሴ ላይ እየተከመረ —
ድንገት ከጭልፋው ሆድ ብርሃን አደረ።
በስቼዋለሁ።
በቀዳዳው ሐይቁን አየሁ፦
አንድ ጀልባ፣ ሁለት ወፍ፣ ከማዶ የተራራ ቁራጭ፣
ሁሉም በእኔ ስህተት ልክ፣ በአንዲት አተር ውስጥ።

ዓሣ የምትጠብሰዋ ሴት ምድጃ ቅርብ ነበር፤
ልወረውረው ተነሳሁ። ያዙኝ።
«እኔ የመጀመሪያ ጀልባዬ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»
በአገጫቸው ወደ ሐይቁ አመለከቱኝ።
ጀልባ ፈልጌ ዓይኔን ወደ ማዶ ላክሁ።
«ወዲያ አይደለም» አሉ። «ወደ ታች።»

ሰኞ፣ መስኮት ቁጥር አራት።
ሁለተኛ ፕላስተሩን የለበሰ አውራ ጣት
ብር አይቆጥርም፤ ሰልፉ ያጉረመርማል።
ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አልኩ፤
አሥራ አራት ዓመት ክርኔን ያስደገፍኩበት፣
እንጨት ነው ብዬ ያመንኩት።
ጅማቱ ያምራል፤ አንጓም አለበት።
ግን ያው አንጓ፣ ራሱ፣
ክንድ ያህል ሄዶ ይደገማል፣
ደግሞ ክንድ ሄዶ ይደገማል።
እንደ ብሩ የታተመ ነው።

«እህት፣ ምን ጠፋሽ?» አለ ባለ ቼኩ።
«ምንም» አልኩ፤ ፊርማውን አመሳከርኩ።
መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከማኅተሙ አጠገብ፣
ሌላ ቁራጭ ዋንዛ አለ፣ ገና ምንም ያልሆነ፤
ማኅተሙን ላነሳ በከፈትኩት ቁጥር
ይሸተኛል።