አምስት ሰዓት ከአርባ ሁለት

ስመዘገብ ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው፦
«መኪና አለኝ፣ ጊዜም አለኝ፤ የቀረው የእናንተ ነው።»
ሕግ አላውቅም፤ ንግግር አይሆንልኝም፤
ሰልፍ የሚባል ነገር በዕድሜዬ ወጥቼ አላውቅም።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ከባቡር ጣቢያ ቆሜ፣
የመነሻ ሰዓቱን እንደ ዳዊት ደግሜ፣
ባቡር ስሸኝ ኖርኩ እንጂ ሰው ሸኝቼ አላውቅም።

ወይዘሮ ሚትሱዬ ሳቁ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው።
ጻፉት፦ «ኩራሞቺ፣ ማክሰኞ» ብለው በደብተራቸው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሦስት ሴትና አንድ ተማሪ አሳፍሬ፣
በሩዝ ማሳው መሀል፣ በጠባቡ መንገድ አሳብሬ፣
ወደ ማቆያው እነዳለሁ። ግራጫ ሕንፃ ነው፤
መስኮቱ ብርሃን እንጂ ሰማይ የማያሳልፍ ነው።
እነሱ ይገባሉ። እኔ ሬዲዮዬን እከፍታለሁ፤
የሩዝ ብስኩቴን እየቆረጠምኩ ጋዜጣ እገልጣለሁ።

ስድስት ወር እንዲህ ሆነ። በሰባተኛው ተማሪው ታመመና ቀረ።
«ኩራሞቺ፣ እርስዎ ይግቡ፤ ሰውየው ሳምንት ሙሉ ሲጠብቅ ነው የኖረ።»
«ምን እለዋለሁ?»
«ምንም። ይቀመጡ።»

ስልኬን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ። ስሜን ሞላሁ፣ የሱንም ስም።
«ዝምድና» የሚል መስመር አለ፤ ምን ልበል? የለም።
ክፍቱን ተውኩት። ጠባቂው አየና ማህተም መታበት።

መሀል ላይ መስታወት ነው፣ የጣት አሻራ የሞላበት፤
ትንሽ እጅ፣ ትልቅ እጅ፣ ከንፈርም ያረፈበት።
ሺያር ገባ። ኩርድ ነው። አሮጌ ቤት ሲያፈርስ ነበር፤
ቋንቋችንን ከነግንበኛው ስድብ ይናገር ነበር።
ሁለት ዓመት ከአራት ወሩን በቀን አይደለም የሚቆጥረው፣
በጥርስ ነው፤ ሦስት ወልቀዋል፤ አራተኛው እየተነቃነቀ ነው።

ስለ ጠበቃ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ አፌ ደረቀ።
እሱ ግን ጠጋ አለ፤ ሊስቅ ዳዳው፤ ደግሞ ተሳቀቀ።
«የባቡር ሰው ነዎት አሉኝ። እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤
ማታ መብራቱ ከጠፋ ወዲያ ባቡር አለ፣ እንቅልፍ የሚነሳኝ፤
አይ፣ እንቅልፍ የሚሰጠኝ። ወዴት ነው የሚሄደው?»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ማን ነው?
«አምስት ሰዓት ከአርባ ሁለት» አልኩት። «የዕቃ ባቡር ነው።
አሥራ ስምንት ፉርጎ፤ ሲሚንቶና የወረቀት ጥቅል።
ድልድዩ ላይ ድምፁ ይሰፋል፣ ዋሻው ውስጥ ይታፈናል፤
ሲነጋጋ ወደብ ይገባል።»
«ባሕር አለ?»
«አለ።»
«እስከዚያ ይቆማል?»
«የትም አይቆምም።»
ዓይኑን ጨፈነ።

ሠላሳ ደቂቃ አለቀ።
ሰዓትን ስወድ ኖሬ ያን ቀን ጠላሁት።
የሩዝ ብስኩቴን ከነማሸጊያው ወደ ቤት መለስኩት።

አሁን የጉብኝቱን ሰሌዳ የማወጣው እኔ ነኝ፤
አሥራ አንድ ከተማ፣ አርባ ሦስት ጎብኚ፤ የሚቀር ካለ የምተካ እኔ ነኝ።
ለሚኒስቴሩ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ መልስ አይመጣም፤ ሌላ እጽፋለሁ።
መረብ ነን ይላሉ። መረብን ልብ ብዬ ሳየው
ብዙው ቀዳዳ ነው፤ ክሩ ጥቂት ነው።
ወንድሜ «የማን ዘመድህ ነው?» ይለኛል፤
እኔም እንደዚያ መስመር ዝም እላለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ግን አንድ ጥፋት ሠራሁ።
ያሠለጠንኩት ልጅ ነው ያን ባቡር የሚነዳው፤
ደወልኩለት። በሌሊት ጥሩምባ ክልክል ነው፤
ክልከላውን ከግድግዳ የለጠፍኩት እኔው ነኝ።
«ድልድዩ ላይ» አልኩት፤ «ሁለት ጊዜ፤ አጭር አጭር አድርገው።»
«ምን ተፈጠረ፣ ጋሼ?»
«ምንም። ሰው አለ።»

ማክሰኞ ገባሁ።
ሺያር ቶሎ አልተቀመጠም።
አራተኛው ጥርስ የለም።
ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈና
ሁለት ጊዜ መታ፤
አጭር፣
አጭር።