ልብ ሰፊ

ሐሙስ የልብ ቀን ነው።
ጎህ ሳይቀድ አግዳሚው ወንበር ሞልቶ ይጠብቀኛል፤
ከአለታ ወንዶ፣ ከዳዬ፣ ሌሊት መኪና ይዞ የመጣ፣
ሦስት ትራስ ደርቦ እንኳ ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጣ፣
ደረጃውን ለመውጣት አራት ጊዜ የቆመ፣
ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ለምርመራ ብሎ የጾመ።

ሴቱ «ሲስተር» ይለኛል፤ ሽማግሌው «ዶክተር፣ ልጄ»፤
«ጤና መኮንን» ይላል ግን ደረቴ ላይ ያለው ባጄ።
መኮንን ያለ ፈረስ፣ መኮንን ያለ ጭፍራ፤
ግዛቴ ከግራ ጡት ሥር፣ መዳፍ የማትሞላ ስፍራ።

«ዝም በሉ» እላለሁ፤ ኮሪደሩ መቼ ዝም ይላል፤
ባጃጁ በር ላይ ይጮኻል፣ ቆርቆሮው ላይ አባ ኮዳ ይራመዳል።
ዐይኔን እጨፍናለሁ።
ጤነኛ ልብ ሁለት ቃል ነው፤ ይናገራል፣ ያርፋል።
ይሄኛው ዕረፍቱ ላይ ያጉረመርማል፤
ከሐይቁ ማዶ እንደሚዘንብ ዝናብ፣
ድምፁ ቀድሞ ደርሶ፣ ጠብታው ገና እንደሚሰበሰብ።

ዱካሌ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ፤
በሕመም ከትምህርት ቀርታ ከርማ፣ ይኸው ገና አምስተኛ ክፍል።
በሕፃንነቷ ጉሮሮዋን አሟት ነበር፤ ማን ልብ ብሎት?
«ቶንሲል ነው፣ ይተዋታል» ተባለ።
ተዋት።
ጉልበቷን አሳብጦ፣ ከጉልበቷ ወደ ልቧ ወጥቶ፣
እንደ ሩቅ ዘመድ፣ ለአንድ ሌሊት ብሎ ገብቶ፣
እዚያው ከረመ፤ የቤቱን ዕቃ እየሰበረ።

አባቷ ሀመሶ ከአሞራ ገደል መጥቷል፤
መዳፉን የመረብ ገመድ ሸንትሮታል፣ ጃኬቱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።
ዶክተር ይትባረክ አልትራሳውንዱን አይቶ፣
«ንገሪው» ብሎኝ ወደ ጽኑ ሕሙማን ሮጠ።
መንገሩ ለእኔ ቀረ። ሁልጊዜም ለእኔ ይቀራል።

«ልቧ ሰፍቷል» አልኩት።
ፊቱ በራ።
«ታዲያስ! በእናቷ ነዋ የወጣችው፤
ነፍሷን ይማረው፣ ልበ ሰፊ ነበረች፤
ለሰደበቻት ጎረቤት እንኳ የቀኑን ዓሣ ታካፍል ነበር።»

ምን ልበል?
በዚህ ቋንቋ ደግነትና ሕመም
አንድ ቃል በኪራይ ተካፍለው ይኖራሉ።

«አይደለም አባቴ፤ በልቧ መሃል ያለው በር ጠቧል።
ደሙ መውጫ አጥቶ ሲጋፋ፣
በሩ ነው የጠበበው፣ ክፍሉ ነው የሰፋ።»

ዝም አለ። ጣቶቹ አየር ላይ የማይታይ ቋጠሮ ፈቱ።
«አፉ የታነቀ መረብ ነዋ፤
ዓሣው ሲገፋ ሆዱ የሚለጠጥ።
መረብስ ይሰፋል፤ እኔው ራሴ እሰፋዋለሁ።
ይሄን ማን ይሰፋዋል?»

ሰፊ፦ ቃሉ ሲጠብቅ ስፋት ነው፣ ሲላላ ክርና መርፌ።
ልብ የሚሰፉ ሰዎች አሉ፤ አዲስ አበባ፣ በወረፋ።
መዝገቡን ገለጥኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛ ናት።
ቁጥሩን ጻፍኩለት፤ አጣጥፎ ኮፍያው ውስጥ ከተተው፣
እንደ ሎተሪ።

ይሄኔ ዱካሌ፣ ማንም ያልጠየቃት፣
«እስቲ እኔም ልስማው» አለች።
ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካሁላት።
ብዙ ቆየች። ከዚያ፣ ጎረቤት እንደሰለቸው ሰው፦
«ምን ያነጫንጨዋል? ተቀምጬለት የለ!»
ወንበሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
አባቷ ብቻ ኮፍያውን ነካ አደረገ።

እኔ ልብ ሰፊ አይደለሁም።
የእኔ መርፌ ክር የለውም፤
በየሃያ ስምንት ቀኑ ፔኒሲሊን ነው፤ ነጭ፣ ወፍራም፤
በሩ ከዚህ በላይ እንዳይጠብ ይለምናል እንጂ
የጠበበውን አይከፍትም።
«ያማል?» አለችኝ።
«ያማል» አልኳት። በዚህ አልዋሽም።
ወደ ግድግዳው ዞረች።

ውጭ ዝናቡ ማዶውን ለቆ ሐይቁን መሻገር ጀምሯል።
ጠባቧ በራችን ላይ ሦስት ሰው ይጋፋል።
ቀጣይ።