የድንጋይ ወረፋ

ከቦኖው ደጃፍ ላይ፣ ሌሊት ተሰልፎ፣
ድንጋይ ነው የሚቆም፣ ባለቤቱ አርፎ።
አንዱ ጥቁር ባልጩት፣ አንዱ የጡብ ስባሪ፣
አንዱ ቢጫ ጀሪካን፣ የወረፋው ነባሪ።
የማን የማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል፤
ድንጋይ እጅ የለውም፣ ግን ቦታ ይጠብቃል።
ሦስተኛው፣ ጠርዙን ኖራ የተቀባ፣
የእትዬ ሙጪት ነው፤ እሷ ጥቅምት ሲገባ
ሄዳለች። ድንጋይዋን ደፍሮ ያነሣ የለም፤
ውኃ ሲመጣ በጎኑ እናልፋለን፣ ቀና ብለን አናይም።

እኔ ማራኪ ግቢ፣ ከፎቁ ሥር ክፍል፣
መብራት እስኪሄድ ድረስ ከአንዲት ካርድ ስታገል
አመሻለሁ።
ካርዷ የአንገረብን ግድብ ከፍታ ትለካለች፤
ስንት ክንድ እንደጎደለ ለማሽኑ ትነግራለች።
ትንገር እንጂ ማሽኑ ቋንቋዋን አይሰማም፤
ድራይቨር የሚሉት አስተርጓሚ የላትም።
እሱን ነው የምጽፈው።

ከርነል ቤት ሥርዓት አለ፤ ዘው ተብሎ አይገባም፤
የካርድ ሜሞሪ ሳያስመዘግቡ አይነካም።
«ከዚህ አድራሻ ተነሥቶ፣ ይህን ያህል ስፋት፣
በእኔ ስም ይያዝልኝ» ብሎ መጠየቅ ናት
የመጀመሪያዋ መስመር።
ብዙ አልጠየቅሁም ጌታ፤
አራት ኪሎ አይደለም የእኔ አቤቱታ፣
አራት ኪሎባይት ነው፣ የአንዲት ካርድ ቦታ።

«ተይዟል» አለኝ።
ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁት። «ተይዟል።»
መዝገቡን ስገልጠው፣ ስሙ ይታያል፤
ስሙ ይታያል፤ ሰውየው የት ሄዷል?

ይታያል አበጀ፣ ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር የተቀመጠ፣
ይህችኑ ካርድ ሊያናግር ጀምሮ ያቋረጠ።
ድራይቨር ሲጽፍ ኖሮ፣ ደመወዝ ሲያንስበት፣
ራሱ ድራይቨር ሆነ፤ ዕቁብ ወጣለት፤
ባጃጁ ዛሬ ከፒያሳ አዘዞ ይመላለሳል።
የጻፈው ሞጁል ግን፣ ማሽኑ በነቃ ቁጥር፣
ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ በስሙ ቦታውን ሲያጥር፣
ካርዷ ዝም ስትለው ተደናቅፎ ይወድቃል፤
የያዘውን ሳይለቅ የወደቀን ማን ከእጁ ይነጥቃል?

እውነቱን ልናገር፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
መጠየቂያዋን መስመር ጣቴ ዳዳ ሊያጠፋት።
መዝገቡ ዘበኛ የለውም፤ የወል ስምምነት ነው፤
ሳይጠይቅ የሚጽፍ ደፋር፣ ማን አለ የሚመልሰው?
ድንጋይስ እጅ አለው?

ሲነጋ ደወልኩለት።
ሞተሩ ያጓራል፣ ተሳፋሪ ይጨቃጨቃል፤
ነገሩን ስነግረው ይታያል ይስቃል።
«አንዲት መስመር ናት የረሳሁ፤ ‹ካልሆነልህ ልቀቅ› የምትል፤
ጨምርልኝ ወንድሜ፤ ስሜም ከዚያ ይንቀል።»

ጨመርኳት። ስሙ ወረደ። የእኔ ስም ገባ።
ካርዷም የመጀመሪያ ቃሏን ሰጠችኝ፤
«አንገረብ ጎድሏል» አለችኝ።

ቅዳሜ ሌሊት፣ ድንጋዬን ይዤ ቦኖው ደጅ ወረድኩ፤
የእትዬ ሙጪትን ድንጋይ ጎንበስ ብዬ ጨበጥኩ።
ከበደኝ አልልም፤ በአንድ እጅ የሚነሣ ነው።
ኖራው ጣቴ ላይ ቀረ።
የእሷን «ልቀቅ» ማን ነው የሚጽፈው?

መለስኩት ወደ ስፍራው።
ሦስተኛ እሷ አለች፤
አራተኛ የእኔን አኖርኩ።