እፍታ

ሴቱባል ወደብ ላይ፣ ገበያው ሲፈታ፣
ዴኦሊንዳ ሰርዲን ትነድፋለች ማታ።
በዓሣ መጠቅለያ፣ በዶለዶመ እርሳስ፣
ጥላውን በአውራ ጣት፣ ቅርፊቱን ስትዳስስ፤
ስህተት ፍቃ ፍቃ፣ ፍርፋሪውን እፍ፣ እፍ፣
ዓሣው በወረቀት እስኪያወጣ ክንፍ።

የእህቷ ልጅ ቫልዴማር ታብሌት አቀበላት፦
«እስቲ ሞክሪው አክስቴ፣ ቀለም አያልቅበት፤
የስህተት ዕድሜማ አንዲት ጠቅታ ናት።»

ሣለች። መስመሩ ሐር። እውነቱን ነው፣ ያምራል።
ንጹሕ ጣቷን አይታ፣ «አውራ ጣት ምን ይሠራል?»
እንደገና ሣለች፣ እንደገና ሳተች፣
ጠቅ አድርጋ ስታጠፋው፣ በልማዷ እፍ አለች።

ምንም አልበነነም፤ ግን መስታወቱ ላይ
ትንፋሿ ተኛበት፣ የወደብ ጉም መሳይ።
በጣቷ ሰርዲን ሣለች።
ጠቅ ሳይሉት ሰርዲኑ ከጉሙ ውስጥ ወጣ፤
«ዋጋው ስንት ነው?» አለች፣
ጆሮዋ ላይ እርሳሷን ሸጉጣ።