የመረብ ክር

ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ማለዳ ቢያባራ፣
ከሰባታሚት ወዲያ ወጣሁ ወደ ተራራ፤
እግዜር ያልሠራው፣ ካርታ የማያውቀው፣
ከተማው በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ከጀርባው የደበቀው።

የጫት ገረባ፣ የቀረሶ አጥንት፣ የሃይላንድ ክዳን፣
የሠርግ ዳስ የፕላስቲክ አበባ፣ መጠውለግ የተነፈገው ለዘመን፤
አባ ኮዳው መላጣውን ደፍቶ፣ እንደ ዕድር ዳኛ፣
ከጫፉ ላይ ቆሟል፣ ለቀብር የቀደመ ብቸኛ።
በስተሰሜን ጣና የተሰጣ እርጥብ ጋቢ መስሏል፤
ከዚህ ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ ርቀት ስንቱን አጥቧል።

ሥራዬ ማዕዘን ነው፤ ስንት ዲግሪ አጋደለ፣
ከሥሩ ያለው መረሬ ምን ያህል ሸክም ቻለ፣
የትናንቱ ዝናብ የት ገባ፣ የት ዋለ።
ድር ካበረ እንኳን አንበሳ፣ ተራራም ያስራል፤
ፌስታሉ ከቡትቶው ጋር እንደ ሥር ተሳስሯል፤
ሲኖትራኩም ይህን አምኖ
ከአናቱ ላይ ይገለብጣል፣ ሸክም በሸክም ላይ ጭኖ።

ውሃ ግን ያውቅበታል።
አይገፋም፣ አይጮህም፤ በየቀዳዳው ሰርጎ፣
ክብደቱን በትከሻው ተቀብሎ፣ ራሱን ወዳጅ አድርጎ፣
ቅንጣት ከቅንጣት የተያያዘበትን እጅ
በለሆሳስ ያላቅቃል።
«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት
ሜትር ሳይኖራቸው ነው የለኩት።

ከአናቱ እስከ እግሩ አንድ ቅስት ስዬ፣
የሚይዘውን ኃይል ለሚገፋው አካፍዬ፣
አንድ ነጥብ ዜሮ ስምንት።
ደግሜ ሠራሁት።
አንድ ነጥብ ዜሮ ስምንት።
አንድ ማለት እስትንፋስን ውጦ መቆም ነው፤
ከነጥቡ ወዲያ ያለችው ትንሽዬ ናት ለመተንፈሻ የተረፈችው።

አቶ ይበልጣል በስልክ፦
«አንድ ነጥብ አምስት በይው፤
የአዲሱ ቦታ የገበሬ ካሣ ገና አላለቀም፣
ሁለት ክረምት ብቻ ነው የምንለምነው።»
የቆሼን መጋቢት እሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ፤
በመካከላችን ጸጥታ ውስጥ ግን አፈር ሲወርድ ሰማሁ።

ስንጥቁን ያሳየችኝ አንጓች ናት፣ በሜንጦዋ እየጠቆመች፤
አንድ ችካል ከወዲህ፣ አንድ ችካል ከወዲያ ተክላለች፣
በመሃሉ የመረብ ክር፤ የባሏ ነው፣
እምቦጭ ከነታንኳው ከባሕሩ ሳያስወጣው።
«ሰኞ ለት ላላ ብሎ ነበር» አለችና በጣቷ መታ አደረገችው።
እንደ ክራር ጅማት ጮኸ።
ሜትሬን ዘረጋሁ፤ ስምንት ሴንቲ።
«አራት ጣት» አለች፣ ሳታየኝ።
ቤቷ ከእግሩ ሥር ነው፤ ሸራ፣ ቆርቆሮ፣
ከሆነ ቪላ ተነቅሎ የተጣለ፣ ቁልፉ የጠፋ አረንጓዴ በር።
«ያንቺ ቁጥር ስንት ሲገባ ነው
ልጆቼን ይዤ የምወጣ?»

አምስት ዓመት ተምሬ፣ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ፣
እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።
«ክሩ ሲበጠስ አይደለም፣» አልኳት፣ «ሲጮህ ነው።
አሁን ነው።»

ቅጹ ለአፈር ሳጥን አለው፣ ለውሃ፣ ለከፍታ፤
ለአንጓች የለውም ቦታ።
አንድ ነጥብ ዜሮ ስምንት ጻፍኩ፣ በእስክርቢቶ፤ ከኅዳጉም ላይ፦
«ከእግሩ ሥር አሥራ አንድ ቤት አለ፤ ዛሬ ይነሣ።»
ከዚያም በሩን በእኔ ትከሻ፣ ፍራሹን በእሷ፣
ልጆቹ ድስትና ጀሪካን እየጎተቱ፣
ወደ ቀይ አፈሩ ጉብታ ወጣን፣ ደመናው ከጣና ሳይነሣ።

ተራራው ያን ሌሊት አልወረደም።
በማግሥቱም።
ይበልጣል ደወለ፤ «እንዴት ነው፣ ቆሞ አደረ አይደል?»
ብሎ ሳቀብኝ።
አንጓች ከፊቴ ቆማለች፤
በእጇ የክሩ አንድ ጫፍ፣ የተበጠሰ።
ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል።
ሳቁ ውሃ ውሃ አለኝ።