ሐወሊ፣ አራተኛ ፎቅ

ሊፍቱ ደወል አለው፤ ሚሻሪ ይፈራዋል።
«አሁን ይጮሃል» ካልኩት ጆሮውን ይይዛል፣
ካልነገርኩት ይወድቃል፤
የአሥራ ሰባት ዓመት፣ የዘጠና ኪሎ ልጅ
ወለል ላይ ሲንፈራገጥ አይበቃውም አንድ እጅ።
ነገርኩት። ወጣን።
ማዳም ከፊት ቀድማ፣ ሽቶዋን አስከትላ፣
እኔ ውሃውንና ሰማያዊ ጨርቁን ይዤ ከኋላ።

ክፍሉ ቆፈን ነው፣ ኤሲው ያንቀጠቅጣል፣
ውጭ ሐምሌ አስፋልቱን እንደ ሰም ያቀልጣል።
ዶክተር ሂንድ ፎርሟን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣
ሁለት ወንበር ስባ ወደ እኔ ተመለከተች፤
«ይህችስ?»
«ሠራተኛ ናት» አለች ማዳም፣ ስልኳን እየነካካች።
ሦስተኛው ወንበር ግድግዳ ተደግፎ ቀረ፤
እኔም እንደ እሱው።

«ጫማውን ያስራል?»
«ያስራል» አለች ማዳም።
አልዋሸችም፤ ሳይታሰር አይታው አታውቅም።

«ገንዘብ ያውቃል?»
«ያውቃል።»
ሩብ ዲናር ይዞ በቃላ ይገባል፣
ቺፕሱን ያነሳል፣
መልሱን ጥሎ ይወጣል።
ኬረላዊው ኩንጁ በጣሳ ያጠራቅምለታል፤
ሐሙስ ሐሙስ ሄጄ እቆጥራለሁ።
ያን ጣሳ የምናውቀው እኔና ኩንጁ ብቻ ነን።

«መንገድ ይሻገራል?»
«እንዴታ!»
ይሻገራል፤ ክንዴን ጨምድዶ፣
መኪናውን ትቶ ፊቴን እያየ።
እኔ ከፈራሁ ይቆማል፣ ከደፈርኩ ይሄዳል፤
የትራፊክ መብራቱ የእኔ ግንባር ሆኗል።

«ስንት ቃል ይናገራል?»
«ሃያ... ሃያ ቢሆን ነው።»
«ሃያ» ብላ ጻፈች።
አፌ ሊከፈት ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት።
«ቆይ» ይላል እኮ ሚሻሪ፤ «በቃኝ» ይላል፣ «ነይ»፤
ሌሊት ስልክ ይዤ ስንሰቀሰቅ ሲያይ
በሩን ገፋ አድርጎ «አይዞሽ» ይላል፣ «አይዞሽ»።
የቱ ሳጥን ውስጥ ይጻፋል «አይዞሽ»?

ቀጥላ ካርድ አወጣች፤ ባ፣ ታ፣ ሳ።
ሦስቱም አንድ ታንኳ፤
ነጥባቸው ነው የሚለያቸው፣
ለአንዷ ከሥር አንድ፣ ለሌሎቹ ከላይ ሁለት፣ ከላይ ሦስት።
ሚሻሪ ጣቱን አነሳ፤
ነጥቦቹ እንደ ዝንብ ተነሡ።
ለእሱ እንጃ፤ ለእኔ ግን ተነሡ።
እሱ በጣቱ ሳተ፣
እኔ በሩ ጋ ቆሜ በሆዴ ሳትኩ።

ይህን ዝንብ አውቀዋለሁ።
ሐርቡ፣ አራተኛ ክፍል፣ መምህር ይማም
ሰሌዳው ላይ «ቤት» ብሎ ጻፈ።
«ሉባባ፣ አንብቢ!»
«በ» እና «ሰ» በሁለት እግራቸው ቆመው
ቦታ ይለዋወጡብኝ ነበርና
«ሴት» አልኩ።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
«ድንጋይ!» አለኝ፤ ድንጋይ ሆኜ ወጣሁ፣
ደብተሬንም ለታናሼ ሰጠሁ።
ካርድ ይዞ «የቱ ጋ ነው የሚጠፋብሽ?» ያለኝ
ያኔ ማንም አልነበረኝ።
ይኸው ዛሬ በሰው ቤት ሴት ነኝ፤
ለካ አልተሳሳትኩም ነበር።

«በቀን ስንት ሰዓት እርዳታ ይፈልጋል?»
ማዳም ስልኳን አስቀመጠች።
መስኮቱን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣
መጨረሻ ላይ እኔን።
«እሷን... እሷን ጠይቂያት» አለች፣ ድምጿ ሰልሎ፤
ወንበሩ ከግድግዳው መጣ፣ እግሩን ጎትቶ።

ተቀመጥኩ። በሰባራ አረብኛዬ
ከሊፍቱ ደወል ጀመርኩላት።
ጨርቁን ነገርኳት፣ ጣሳውን፣ መንገዱን፣
ሃያ አንደኛውን ቃል።
ብዕሯ አልደረሰብኝም፤
የዳሩን ባዶ ጨርሳ ወረቀቱን ገለበጠች።
«አንቺ ስትሄጂስ?» አለች፣ ቀና ሳትል።
ኢቃማዬ በጥቅምት ያልቃል፤ ማዳምም ታውቃለች።
ሦስታችንም ጠረጴዛውን አየን።

«አይዞሽ» አለ ሚሻሪ፣ ጨርቁን እየጠቀለለ።
ለየትኛችን እንደሆነ
ማንም አልጠየቀውም።